የመሪጌታ አለኸኝ መንጋጋ

ባለፈው ጥቅምት ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ሁለት ሰዎች ተቀመጡ። አንደኛው ጉንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ የደገፉት የዜማ መምህር መሪጌታ አለኸኝ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ጎንደር አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ቤዛዊት የምትባል የጥርስ ሐኪም ናት። የሰው ጨዋታ ማዳመጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ ጆሮን የት ያኖሩታል?

«የኔታ፣ ጥርስዎን አመመዎት?» አለች።

«ላስነቅለው ነው ልጄ። ሁለቱን አስነቅዬ አልተወኝም፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ጧት ጧት ራሴን ይፈልጠኛል፤ መንጋጋዬም አልላቀቅ ብሎ ዜማው አፌ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ከሆንሁ ማስተማሩም ሊቀር ነው።»

«የተነቀሉት ተበልተው ነበር?»

«ኧረ ሸጋ ነበሩ!»

«ሌሊት ጥርስዎን ያፋጫሉ?»

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለቤቴ ዝናሽ እንዲያ ትላለች። ወስፋት ነው ብለው ኮሶ አጠጡኝ፤ ምንም አልፈየደ። ጥርስ ማፋጨት ደግሞ የኩነኔ ነገር ሆኖ ነው የተጻፈ። ምነው ብዬ ለሰው አወራዋለሁ?»

እኔ እዚህ ላይ ከልቤ አዘንሁ። ይህን ያህል የተማረ ሰው ሕመሙን እንደ ኃጢአት ደብቆ ደኅና ጥርሱን ያስነቅላል!

ቤዛዊትም አልሳቀችባቸውም። «የኔታ፣ ይህ በእንቅልፍ ልብ ሳያውቁት የሚመጣ ነው እንጂ ኩነኔ አይደለም፤ ወስፋትም አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያደረ መንጋጋ ጧት ቢዝል፣ ራስንም ቢያሳምም ምን ይገርማል? መርምረን እንዲያ ከሆነ የጥርስዎን ቅርጽ እንወስድና በልክዎ የፕላስቲክ መከላከያ እናሠራለን። ሲተኙ ያጠልቁታል፤ ጧት ያወጡታል።»

«እኔ እኮ ቆራቢ ነኝ! ለቁርባን በማድርበት ሌሊት አፌ ውስጥ ባዕድ ነገር?»

«ያን ሌሊት ይተዉት፤ አንድ ሌሊት ቢቀር አይጎዳም። የቀረውን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። የተነቀለ ጥርስ ግን እሳቸውም እኔም አንመልሰውም።»

መናኸሪያው ላይ ስንወርድ መሪጌታ፣ «በይ ምሪኝ» አሏትና ወደ ጥርስ ነቃዩ መሄዱ ቀረ።

በሚያዝያ ለአንድ ክርስትና ትክል ድንጋይ ሄጄ አገኘኋቸው። ማፋጨቱ ጨርሶ አልተዋቸውም፤ ሆኖም ጥርሳቸው እየተፋጨ ማለቁ ቆሟል፣ ራስ ምታቱ ቀሏል፣ መንጋጋቸውም ተላቆ ዜማውን እንደ ልባቸው ያዜማሉ። መከላከያውን ጧት ጧት በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አጥበው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡታል። ዝናሽም እንቅልፍ አግኝታለች።

በግብዣው መካከል ጎረቤታቸው አያ በላቸው ጉንጫቸውን ይዘው፣ «ነገ ላስነቅለው ነው» ሲሉ መሪጌታ ሰሙ። ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ አፋቸውን ከፍተው ባዶውን ድድ በጣታቸው አሳዩ።

«አያ በላቸው፣ መጀመሪያ ይመርመሩ። እኔ ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ፤ ይህን ለመናገር አፍሬ ሁለት ጤነኛ ጥርስ አጣሁ።»