መስኮት ክፈቺ ለተባለችው እህታችን

የተከበሩ እናታችን፤ አንቺ የእናትሽ ምትክ፣ ልጃችን፤ ወንድሞቿ፤ ጎረቤቶቿ፤ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እናንተም ከኋላ ዛፉ ጥላ ሥር የቆማችሁ አለቆቻችን። ስለመጣችሁ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስቲ ቀረብ በሉ። አለቆቻችንም ቀረብ በሉ፤ የምናገረው ከሩቅ የሚሰማ አይደለም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የሟቿ የሥራ ጎረቤት ነኝ። ኬሚስት ነኝ። የእሷን ቤተ ሙከራና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስታስነጥስ ከወዲህ ማዶ "ይማርሽ" እላታለሁ። እኔ ሳንጎራጉር "ኧረ ለሰው እዘን!" ትለኛለች። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው የሰሚ ሰሚ አይደለም። በዚህ ጆሮዬ የሰማሁት ነው።

የጻፍኩት ንግግር ነበር። ኪሴ ውስጥ ነው። ስለ ደግነቷ፣ ስለ ሣቋ፣ ስለ ትሕትናዋ። ያምር ነበር። ትቼዋለሁ። ለምን ተውከው ብትሉኝ፣ ከእኔ በፊት የተናገሩትን ሰምታችኋል። ዋና ዳይሬክተራችን ምን አሉ? "በግል የጥንቃቄ ጉድለት በደረሰ አደጋ" አሉ። እዚሁ ቆመው። አፈር ሳትለብስ። እናቷ ፊት፣ ልጇ ፊት።

በግል የጥንቃቄ ጉድለት!

ሙት አይወቀስም ይባላል። ታዲያ ማን ጀመረ? እኔ ነኝ የጀመርኩት? እናታችን፣ ይፍቀዱልኝ። ዛሬ ተቆጥቻለሁ። ማልቀሱን ቤቴ ስገባ እደርስበታለሁ።

ስለ የትኛዋ ሴት ነው የምናወራው? ታክሲ ውስጥ ገብታ፣ ታክሲው መንገድ ከጀመረ በኋላ፣ "ወራጅ አለ! ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ?" ብላ ስለምትመለሰው ሴት አይደለም እንዴ? ጎረቤቶቿ፣ እናንተ ትመሰክራላችሁ። ስንት ጊዜ ስትመለስ አይታችሁ ስቃችኋል? ምድጃውስ አንድ ቀን በርቶ ተገኘ? ልጇን ሻይ ሳይበርድ የማታስነካ፣ ቤተ ሙከራዋ የገባውን ሁሉ "ፀጉርህን እሰር" የምትል። መላጣ ነኝ። እኔንም ብላኛለች።

ብዙዎቻችሁ ሥራዋን የምታውቁት "ሻጋታ ታረባለች" በሚል ነው። እኛም "እሜቴ ሻጋታ" እያልን እንጠራት ነበር። ትወደው ነበር። ግን ምን ነበር የምትሠራው? ላስረዳ፤ ከባድ አይደለም። ሻጋታ እንደ ሰው ናት። ለክፉ ቀን ስብ ታጠራቅማለች። ትንሽ ካጠራቀመች በኋላ ግን ውስጧ ያለ አንድ ዘረመል "በቃሽ" ይላታል። እህታችን ያን "በቃሽ" የሚለውን ዘረመል ፈልጋ አገኘችው። ቆርጣም አወጣችው። ሻጋታዋ ሆዳም ሆነች። ጭማቂ ቤቶች የሚጥሉትን ልጣጭ እየበላች ዘይት ትሠራለች። ንጹሕ ዘይት። ምግብ የሚሠራበት፣ ሳሙና የሚወጣው፣ ማሽን የሚያለሰልስ። እዚህ ከቆምነው ውስጥ ዘይት ፍለጋ ያልተንከራተተ ማን አለ?

ዳይሬክተራችን መጀመሪያ ሲሰሙ "ሰው ደግሞ ሻጋታ ይበላል እንዴ?" አሉ። ስብሰባ ላይ ነው። እሷም ፈገግ ብላ፣ "ጌታዬ፣ ቁርስዎ ላይ የበሉትን ዳቦ ማን ነፋው? እርሾም እኮ የሻጋታ ዘመድ ናት" አለቻቸው። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ያኔ ነው ነገሩ የተጀመረው።

የመጀመሪያው ዘይት የወጣ ቀን ትዝ ይላችኋል? ከብልቃጡ ሥር ጠብ ያለችው ለእንባ አትሞላም። እኛ በማይክሮስኮፕ እንያት፣ ፎቶ እናንሳት እያልን ስንተራመስ፣ እሷ በመርፌ ቀዳቻትና ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ሲከፈት ሲጥጥ ይል አልነበር? ማጠፊያው ላይ አንጠበጠበችው። ከፈተች፣ ዘጋች። ዝም! እልል አልን። በማግስቱ ግን ሁላችንም ተናደድንባት። ለምን? በሩ ሲጥጥ ሲል ነበራ አለቃ መውጣታቸውን የምናውቀው! "አንቺ ሴት፣ ደወላችንን ሰረቅሽን!" አላት ኤሌክትሪሺያኑ። እሷ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እንግዲህ ወደ ማራገቢያው ልምጣ።

ዘይቱን ከሻጋታዋ ለመለየት ቤንዚን የመሰለ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ይተናል። ትነቱን ስቦ ወደ ውጪ የሚያስወጣ ማራገቢያ ጠረጴዛው ላይ አለ። ማለቴ ነበረ። እህታችን ማራገቢያው አፍ ላይ አንዲት የሶፍት ቁራጭ በፕላስተር ለጥፋ ነበር። አየሩ የሚሳብ ከሆነ ቁራጯ ወደ ውስጥ ትሳባለች፣ ትርገበገባለች። ካልተሳበ ቁልቁል ትንጠለጠላለች። ጠዋት ስትገባ ሰላምታዋ ለእሷ ነው። "እንዴት አደርሽ?" ትላታለች፤ በግድግዳው እሰማታለሁ።

አንድ ጠዋት "ሞተሻል እንዴ?" ስትል ሰማሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ቁራጭ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህታችን ያልነገረችው ሰው የለም። ስብሰባ ላይ ተናገረች። ደረጃ ላይ ተናገረች። ሻይ ቤት ተናገረች። "ማራገቢያው አይሠራም" ማለት የእሷ "ደህና ዋላችሁ" ሆኖ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይገዛ አለ። ተገዛ? የዳይሬክተሩ ቢሮ መጋረጃ ተገዛ። የእንግዳ መቀበያው ሶፋ ተገዛ። እኔም ተቀምጬበታለሁ፤ ምቹ ነው።

ከዚያ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። "ሁሉም ነገር ይጽዳ! በዚህ ግቢ ውስጥ ሻጋታ የሚባል ነገር እንዳላይ!" የሚል ትእዛዝ ወጣ። በሻጋታ ቤተ ሙከራ! ጉድ በሉ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ብልቃጦች አንድ በአንድ ደፏቸው፣ በፈላ ውሃ አጠቧቸው። እሷ ስትገባ ብልቃጦቹ ያብለጨልጫሉ። የወራት ልፋቷ በቧንቧ ሄዷል። የሚያጥበው ሰው ታዟል፤ በእሱ አልፈርድም። አይጥ በበላ ዳዋ አልመታም።

ጮኸች? አልጮኸችም። የእኔን በር አንኳኳች። "ያቺ ያስቀመጥኩብህ አለች?" አለችኝ። ለክፉ ቀን ብላ የሻጋታዋን ዘር በትንሽ ብልቃጥ እኔ ፍሪጅ ውስጥ አኑራ ነበር። አወጣሁላት። ትንሽ ዘር መልሳ እኔው ጋ አስቀምጣ፣ የቀረውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ይዛ ሄደች። ሥራውን ያተረፈው ምንድን ነው? ንገሩኛ! ጥንቃቄዋ አይደለም?

ለካ የሶፍት ቁራጯንም ገንጥለው ጥለዋታል። "ወረቀቴስ?" ብላ ዳይሬክተሩን ጠየቀች። "ያ ቆሻሻ? እንግዶች ምን ይላሉ?" አሏት። "ጌታዬ፣ አየር መኖር አለመኖሩን የሚነግረኝ ያ ቆሻሻ ነው" አለች። ሌላ ቁራጭ ቀደደች። ለጠፈች። ቁልቁል ተንጠለጠለች።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ። እንግዶቹ ዘይቱን በጠርሙስ እናያለን ብለው ሊመለሱ ነው። ዳይሬክተሩ ክፍሏ ገቡ። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ።

"ለሐሙስ ዘይቱ ይድረስ።"

"ማራገቢያው ሳይሠራ አልለይም።"

"ሐሙስ ነው የሚመጡት እኮ!"

"ጌታዬ፣ ፈሳሹ እሳት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።"

"አንቺ ደግሞ ነገር ማካበድ ትወጃለሽ። መስኮት ክፈቺ! ካልሆነልሽ ሻጋታሽን ለሚሠራበት ሰው እሰጠዋለሁ።"

እኔ ተነሥቼ ገባሁ፤ ትነቱ በመስኮት አይወጣም ብዬ ተናገርኩ። "አንተን አይመለከትህም" ተባልኩ። እሷ ክፍሏ ያለውን ፍሪጅ እንኳ ወደ ኮሪደር ላውጣው ብላ ጠየቀች፤ ሞተሩ ሲነሣ ብልጭ እንደሚል ታውቃለቻ። ሻጋታዎቿ ውስጡ ናቸው፤ መንቀል አትችልም። "ኮሪደሩን እንዳታበላሺው" አሏት።

መስኮት ክፈቺ! ያ ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወገኖቼ። መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። መስኮት አያውቅም። እህታችን ፀጉሯን አሰረች። የቀረውን ሶኬት ሁሉ ነቀለች። መስኮቱን እስከ ዳር ከፈተች። ትነቱ በእግሯ ሥር አልፎ ፍሪጁ ጋ ደረሰ። የፍሪጁ ሞተር ተነሣ፤ ክፍሉ ነደደ። በሩን ሰብረን ያወጣናት እኛ ነን፤ እንዴት እንዳወጣናት ልጇ ፊት አልናገርም።

ይሄ ነው እንግዲህ የግል የጥንቃቄ ጉድለት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ እስኪያድር አልጠብቅም። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። "ማራገቢያው አይሠራም" ስትል በጆሮው የሰማ እጁን ያውጣ።

ምን ትተያያላችሁ? እጅ ነው የጠየቅኳችሁ።

የዕቃ ግምጃ ቤቷ። ተባረኪ እህቴ። ኤሌክትሪሺያኑ። ከፍ አድርገው እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል! ብልቃጥ አጣቢው። አንተም፣ አዎ፣ አንተም። የጥበቃው አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፀሐፊዋ? የዳይሬክተሩ ፀሐፊ? አንቺ እንጀራሽን አስይዘሽ ነው ያወጣሽው፤ አውቃለሁ። እነሆ በዛ። እነሆ ሁሉም።

እናታችን፣ ዞር ይበሉ። ይዩ። ልጅዎ ስለ ነፍሷ ለምናለች፤ ስለ እኛም ነፍስ ለምናለች። የለመነቻቸው እነዚህ ናቸው፤ ሰምተናል እያሉዎት ነው። አንቺም የኔ እናት፣ ቀና በይ። ነገ አንዱ "እናትሽ በራሷ ጥፋት ነው የሞተችው" ቢልሽ አንገትሽን እንዳትደፊ። እነዚህን እጆች አይተሻል።

ክቡር ዳይሬክተር፣ የእርስዎን እጅ አላየሁም። ግድ የለም፣ እንጠብቃለን። እናንተ እጃችሁን እንዳታወርዱ።

እየሄዱ ነው? ይሂዱ። ግን በምን ይሄዳሉ? ሾፌርዎ እዚህ እጁን አውጥቶ ቆሟል።

እህቴ፣ ልሰናበትሽ። ሻጋታሽን አታስቢ። ዘሯ እኔ ጋ አለች፤ ልጣጯን እየቀለብን እናቆያታለን። ለመብላት እሳት አያስፈልጋትም። ያ ማራገቢያ እስኪዞር ግን አንዳችንም ያን ፈሳሽ አንከፍትም። ተማክረናል። ሐሙስ ቢመጣ፣ ንጉሥ ቢመጣ።

ይችን አየሻት? የሶፍት ቁራጭ ናት። ጠዋት ኪሴ ስከታት ምን ላደርጋት እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። እዚህ ሜዳ ላይ ግን ይኸው ትርገበገባለች። እጄን እየሳበች ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስትለምኚው የኖርሽው አየር እዚህ ሞልቷል፤ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም።

ምድጃውን አጥፍተሻል። ሁሉን አጥፍተሻል። አትመለሺ።

ደህና ሁኚ፣ እሜቴ ሻጋታ። ጥፋት የለብሽም።