በልብስ እጥበት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር

አንባቢ ሆይ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «እንዴት ነዎት?» ብሎ ጨብጦዎት መልስዎን ቆሞ የሰማዎት ሰው አለ? ወይስ እጅዎ ከእጁ ሳይወጣ ዓይኑ ከኋላዎ ወዳለው ሰው ይሄዳል? ለመመለስ አይቸኩሉ፤ አስቀድመው የጋሽ መዝገብን ነገር ይስሙ።

«ጋሽ መዝገብ» ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሲሠሩ የወጣላቸው ቅጽል ነው። ጽሕፈታቸው ያማረ ስለሆነ የጉባኤው ሰብሳቢ አንድ ቀን አስጠራቸውና፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ እጥበት ቤት ውስጥ ተሰብስበው ይጸልያሉ የሚባሉትን ሰዎች ስም ጽፈው ያምጡልኝ። እሁድ በሕዝብ ፊት ተነቦ ከማኅበራችን ይወገዳሉ» አላቸው። አዛውንቱ ሲያመነቱ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት፦ «እርስዎ ብቸኛ ሰው ነዎት። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ አስከሬንዎን የሚያነሳው ማን መሰለዎት?»

የጸሎት ሰው ነኝ ባይ አንድን ሽማግሌ በገዛ ሬሳቸው ሲያስፈራራ! ከዚህ የባሰ ክህደት ያለ እንደሆነ ይነገረን።

ሰብሳቢው ግን የት እንደሚወጋ ያውቅ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ጋሽ መዝገብ ገላቸውን ሲታጠቡ የቤታቸውን በር አይቆልፉም፤ አዳልጧቸው ቢወድቁ የሚደርስላቸው ሰው በር ላይ እንዳይቀር ፈርተው ነው። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልብስ እጥበት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጥግ ቆመው፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሲጠባበቁ፣ ከኋላቸው አንድ ሰው ትከሻቸውን ነካቸው። የእህታቸው ልጅ ናት፤ የጥርስ ሐኪም ረዳቷ።

«ጋሼ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እ... መድኃኒት ልገዛ።»

«መድኃኒት ቤቱ እኮ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።»

«እስኪከፈት እጠብቃለኋ!»

«እስከ ሰኞ?» ብላ ሳቀች። «ይልቅ ከእኔ ጋር ይግቡ። እዚያ ነው የምሄደው» አለችና ልብስ እጥበት ቤቱን አሳየቻቸው።

ለካ በዚያ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የሚጽፉት የገዛ ሥጋቸውን ስም ኖሯል!

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አሉ በሹክሹክታ፣ ግራ ቀኙን እየገላመጡ። «ሰባኪ የለ፣ መዘምራን የለ፣ በሳሙና አረፋ መሐል ምን ዓይነት ጸሎት ነው? ቤተ ክርስቲያን ምን ጎደለብሽ?»

«አልተውኩትም እኮ፣ ጋሼ። እሁድ እሁድ ከእርስዎ ሦስት ወንበር ኋላ ነው የምቀመጠው። የጎደለኝ ሰው ነው።»

«ሰው? አዳራሹ መቆሚያ የለውም!»

«እንግዲያው ባለፈው ወር ዐሥር ቀን ታምሜ መተኛቴን ከዚያ ሁሉ ሰው ማን አወቀ? እርስዎስ አውቀዋል?»

ጋሽ መዝገብ አላወቁም ነበር። ንዴት ሲመጣባቸው ግን እንደ ማንኛውም የተረታ ሰው ወደ ሌላ ዞሩ፦ «እዚያ ውስጥ የምትፈሩትን ነገር ትናገራላችሁ አሉ። ፍርሃትን ማውራት እምነት ማጣት ነው!»

«መደበቁስ እምነት ነው?»

እያጉረመረሙ ተከትለዋት ገቡ።

ስምንት ሰዎች በአግዳሚና በተደፉ የልብስ ቅርጫቶች ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንድ ማጠቢያ ማሽን ብቻ ጥግ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጸሎቱ በዝምታ ተጀመረ፤ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከእሳቸው በቀር። ግድግዳው ላይ ስሞች የሰፈሩበት ወረቀት ተለጥፏል። ደብተራቸውን አውጥተው መገልበጥ ያዙ። ማክሰኞ የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቀጥ አለ። የራሳቸው ስም! አጠገቡ የጎረቤታቸው የቧንቧ ሠሪው ስም፤ እሱም ከክቡ መሐል ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ከላይ በትልቁ፦ «ማን ማንን ይጠይቃል።»

ቧንቧ ሠሪው ማክሰኞ ማክሰኞ ፒንሳ ሊበደር በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ነው። ስንቴ አሽሟጠውታል! «ከጡረተኛ ጸሐፊ ፒንሳ የሚለምን ቧንቧ ሠሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያሉ።

ዝምታው ሲያበቃ ሰዎቹ በየተራ ተናገሩ። የቤቱ ባለቤት፣ ልብስ አጣቢዋ፣ «ሐኪሙ ሳንባዬን አይቶ ዝም አለ። ዝምታው አስፈራኝ» አለች። ማንም አልመከራትም፤ የእህታቸው ልጅ ብቻ፣ «ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት። ተራው ጋሽ መዝገብ ጋ ደረሰ።

«እኔ ደኅና ነኝ» አሉ።

ወደሚቀጥለው ሰው የዞረ የለም። ጠበቋቸው።

«ገላዬን ስታጠብ... በር አልቆልፍም» አሉ በመጨረሻ፤ ምክንያቱንም ተናገሩ። ከዚያም ቧንቧ ሠሪውን አፍጥጠው፣ «አንተ ግን ለምን ፒንሳ አልክ?» አሉት።

«‹ብቻዎን ነዎትና ልይዎት መጣሁ› ብል ያስገቡኝ ነበር፣ ጋሼ?»

«በፍጹም!»

ክቡ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ስድስት ዓመት ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ነገር ከሳቁ ጋር ትንሽ ፈቀቅ አለ። ደብተራቸውን ገልጠው ለምን እንደመጡ በራሳቸው አፍ ተናዘዙ። የእህታቸው ልጅ ፊቷ ቢገረጣም፣ «ያንብቡት፣ ጋሼ። ግን ስሞቹን ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩን እንዳለ ያንብቡት» አለቻቸው።

እሁድ ሰብሳቢው ስማቸውን ሲጠራ መቃብራቸው ዓይናቸው ላይ መጣባቸው። ቢሆንም ወጡ፤ በዚያ ባማረ ጽሕፈት እስከ መጨረሻው የገለበጡትን አነበቡ፦ ሰኞ ማን የትኛዋን በሽተኛ እንደሚያስታምም፣ ረቡዕ ማን ለዓይነ ስውሩ ሽማግሌ እንደሚያነብ፣ ማክሰኞ ማን ማንን እንደሚጠይቅ።

«ይበቃል!» አለ ሰብሳቢው።

«አይበቃም። እነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያንን አላፈረሱም፤ እኛ የተውነውን ሥራ ነው ያነሱት። በእነሱ ዘንድ የታመመ ሳይውል ሳያድር ይታወቃል፣ የፈራ ሰው አያፍርም፣ ሽማግሌ ብቻውን ወድቆ አይቀርም። ይህ ኑፋቄ ከሆነ እኔንም ጻፉኝ!» ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። «አሁን እርስዎን ልጠይቅ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ስሞት ማን እንደሚያነሳኝ ጠይቀውኝ ነበር። ባለቤቴን ከቀበርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእናንተ መሐል በሬን ያንኳኳው ማን ነው? ቢሮዎ ውስጥ አይንገሩኝ። እዚሁ፣ በዚህ ሕዝብ ፊት፣ ስሙን ይጥሩ!»