ገመዱን በእንግዶች ፊት

(ረፋድ ላይ፣ በአንድ የዞን ሆስፒታል ምድር ቤት፤ የአይቲ ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ አዲስ ክራባት አስረው ከሰርቨር ክፍሉ በር ፊት ቆመዋል፤ የክፍሉ ባለሙያ ስንዱ ቁልፉን ጨብጣ በሩን ተደግፋለች።)

ልሳነወርቅ፦ እውነት ነው አልኩሽ! ከዋሸሁ ይህች ምላሴ እዚሁ ትድረቅ! አምና የጤና ቢሮ እንግዶች ሲመጡ፣ በዚህ በቀኝ እጄ፣ የሰርቨሩን ገመድ መንጭቄ ስነቅለው ይህ ሁሉ ሆስፒታል አልሰማም። አንድ ሰው ዓይኑን አላርገበገበም! በይ አሁን ቁልፉን አምጪ።

ስንዱ፦ ቁልፉ አይመጣም።

ልሳነወርቅ፦ አይመጣም? ቁልፍ እግር አለው እንዴ?

ስንዱ፦ እግር ቢኖረውማ እርስዎን ሲያይ ይሮጥ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ፣ ማዋለጃ ክፍል ሁለት እናቶች ደም እየጠበቁ ነው። የደማቸው ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ ሐኪሙ የሚደርሰው ከዚህ በር ጀርባ ባለው ሰርቨር ነው። ዛሬ ገመድ አይነቀልም።

ልሳነወርቅ፦ ለዚሁ እኮ ነው የሚነቀለው! ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ብነቅለው ምኑ ይደንቃል? ማን ያጨበጭባል?

ስንዱ፦ ጭብጨባ ከፈለጉ ስታዲየም አለ።

ልሳነወርቅ፦ ቀልጂ! ከክልል የመጡት እንግዶች ፎቅ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ለስላሳ ይዘዋል። ጠርሙሱ እንዳለቀ ይወርዳሉ። «የሰርቨሩን ፕሮግራም አዲሱን ቨርዥን ጭነናል፤ ሰርቨር ቢሞት ሥራ አይቆምም፤ ኑና በዓይናችሁ እዩ» ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ስንዱ፦ መቼ ነው የሰጡት?

ልሳነወርቅ፦ አሁን፣ ለስላሳው ሲከፈት።

ስንዱ፦ ለእኔስ መቼ ሊነግሩኝ ነበር?

ልሳነወርቅ፦ ይኸው እየነገርኩሽ! ጄኔራል ወደ ጦርነት ሲገባ ዘበኛ ያስፈቅዳል?

ስንዱ፦ አያስፈቅድም። ዘበኛዋ በሩን ከያዘች ግን ጄኔራሉ ኮሪደር ላይ ይቆማል። እንደ አሁኑ።

ልሳነወርቅ፦ ቆይ፣ ቆይ። አዲሱ ቨርዥን ምን እንደሆነ የገባሽ አልመሰለኝም።

ስንዱ፦ የጫንኩት እኔ ነኝ።

ልሳነወርቅ፦ መጫን ሌላ፣ መረዳት ሌላ! ስሚኝ፣ በነፃ ላስተምርሽ። ድሮ አንድ ሰርቨር አንድ ሥራ ነበረው። አሁን ግን በአንዱ ብረት ውስጥ ላቦራቶሪው፣ ካርድ ክፍሉ፣ ፋርማሲው፣ ሁሉም እንደ ተከራይ ክፍል ክፍላቸውን ይዘው ይኖራሉ። ታዲያ ይህ ቨርዥን ምን አመጣ? ተከራዩን ከነድስቱ፣ ወጡ እየተንተከተከ፣ ሕፃኑ አልጋ ላይ እንደተኛ፣ ከዚህ ቤት ብድግ አድርገሽ ማዶ ያለው ቤት፣ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ፣ ቁጭ ታደርጊዋለሽ። ሕፃኑ አይነቃም፤ ወጡም አያርም! እንዲህ ያለ ነገር ከሰለሞን ቤተ መንግሥት ወዲህ አልታየም።

ስንዱ፦ በአሮጌው ቨርዥንም ታይቷል። ይህኛው የጨመረው፣ አንዱ ብረት አሮጌ ሌላው አዲስ ቢሆንም ማዛወር መቻሉን ነው።

ልሳነወርቅ፦ እሱንም ልጨምርበት ነበር!

ስንዱ፦ እርስዎ የማይጨምሩበት ነገር የለም።

ልሳነወርቅ፦ ምቀኝነት! እሺ፣ ፎቶውስ? ማሽኑን እንዳለ ፎቶ አንስተሽ ታስቀምጪዋለሽ፤ ቫይረስ ቢበላው ወደ ፎቶው ትመልሺዋለሽ። ያንን ፎቶ ደግሞ ሌባ አይሰርዘው፣ ሥራ አስኪያጁ አይሰርዘው፣ እኔ ራሴ አልሰርዘው! መላእክት ክንፋቸውን አጣጥፈው ቢወርዱ እንኳ አይሰርዙትም!

ስንዱ፦ እንዳይሰረዝ የተቆለፈበት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ። ካለፈ በኋላ ማንም ይሰርዘዋል። መላእክቱ ትንሽ ቢታገሡ ይበቃቸዋል።

ልሳነወርቅ፦ አንቺ ሴትዮ፣ ሠርግ ላይ ስትጠሪም እንዲህ ነሽ? ሙሽራዋ ቆንጆ ናት ሲሉሽ «ኩሉ ሲለቅ እንያት» ትያለሽ?

ስንዱ፦ ሙሽራዋ ደም እየጠበቀች ከሆነ አዎ፣ እላለሁ።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው ዋናውን ስሚ! አንዱ ሰርቨር ድንገት ሞተ እንበል። መብረቅ መታው፣ ጎርፍ ወሰደው፣ ዝሆን ረገጠው። ሌላው ሰርቨር «ወንድሜን!» ብሎ ተከራዮቹን ሁሉ ከፍርስራሹ ያነሳቸዋል። ራሱ! ማንም ሳያዘው! እኔ ዛሬ የማሳየው ይህን ነው። ገመዱን ነቀል አደርጋለሁ፤ ሥራው ሳይቆም ይቀጥላል፤ ክልሉም «የዳታ ማዕከላችን ኃላፊ ተገኘ» ይላል። ወሬው ደርሶኛል፤ የማዕከሉ ወንበር ለማን እንደሚሰጥ ዛሬ ነው የሚታየው።

ስንዱ፦ ያነሳቸዋል አሉ። የሚነሳው የወደቀ ነው፣ አይደል?

ልሳነወርቅ፦ በቃላት አትጫወቺብኝ!

ስንዱ፦ የምጫወተው እኔ አይደለሁም። በወጉ ሲያዛውሯቸው ሕፃኑ አይነቃም፤ እውነት ነው። ገመድ ሲነቅሉ ግን ማንንም አላዛወሩም፤ ቤቱን ነው በላያቸው የናዱት። ሌላው ሰርቨር ወንድሙ መሞቱን እስኪያረጋግጥ ትንሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ተከራዮቹን ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ያስነሳል። ድስቱ ተደፍቶ፣ ሕፃኑ እያለቀሰ። ውጤት እየመዘገበ የነበረው ላቦራቶሪ ግማሹን መዝግቦ ግማሹን ይስታል። አንዳንዴ ይነሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ መዝገቡ ተበላሽቶ እኔና እርስዎ ቁጭ ብለን እንጠግነዋለን። ማዋለጃ ክፍል ያለችው ሴት ግን ቁጭ ብላ አትጠብቀንም።

ልሳነወርቅ፦ የፈሪ ንግግር! የመጽሐፍ ንግግር! አምናስ? አምና ቤት ተናደ? ሕፃን አለቀሰ?

ስንዱ፦ አላለቀሰም።

ልሳነወርቅ፦ በቃ! ራስሽ ቆመሽ አይተሻል። እዚህች ክፍል ውስጥ ሰላሳ እንግዳ እንደ ጥምቀት ታቦት አጅቦኝ...

ስንዱ፦ አምስት ነበሩ። አንዱ ሾፌራቸው ነው።

ልሳነወርቅ፦ ሾፌርም እንግዳ ነው! ገመዱ የክንዴን ያህል ወፍራም። ሰርቨሩ እንደ ነብር ያገሳል። ሥራ አስኪያጁ ደረታቸውን ይዘው «ልሳነወርቅ፣ ልጆች አሉህ፣ ተው» ይሉኛል።

ስንዱ፦ «ቶሎ በል፣ ስብሰባ አለብን» ነው ያሉት።

ልሳነወርቅ፦ በሆዳቸው ግን ያን ነው ያሉት! እኔ ምን አደረግሁ? ኮቴን አወለቅሁ። አማተብሁ። ጎተትሁ! እሳት ብልጭ አለ፣ ከዚህ እስከ ጣራው! ሰርቨሩ ጸጥ። ክፍሉ ጸጥ። ያን ጊዜ ወደ ላቦራቶሪው ስልክ ደወልን፤ «ሥራ እንዴት ነው?» «ሰላም ነው፣ ምነው?» ምነው! ምነው አለች ልጅቷ! የቢሮ ኃላፊው አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።

ስንዱ፦ አስነጠሳቸው እንጂ አላለቀሱም። ክፍሉ ይበርዳል።

ልሳነወርቅ፦ እንባ ነበር!

ስንዱ፦ መሐረብ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ፤ እንባ አልነበረም።

ልሳነወርቅ፦ አየሽ፣ ይኸው ነው ያንገበገበሽ። ለኃላፊነቱ የተወዳደርነው እኔና አንቺ ነበርን። ገመዱን በነቀልሁ ማግሥት የሹመት ደብዳቤው በእኔ ስም ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ጣውንት ታዪኛለሽ።

ስንዱ፦ ደብዳቤው ይመችዎት። ወንበሩንም አልጠየቅኩዎትም። ይህን በር ብቻ ነው የምጠይቅዎት።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲህ ስሚኝ፣ እስካሁን በደግነቴ ነው የታገሥኩሽ። ቁልፉን ካልሰጠሽኝ ነገ ጠዋት ካርድ ክፍል አቧራ ስትበይ ትውያለሽ። ነገን ምን አስጠበቀኝ፣ አሁኑኑ ጥበቃ ጠርቼ በሩን አስሰብረዋለሁ!

ስንዱ፦ ይጥሩ። የአንደኛው ጥበቃ ሚስት ትናንት ማታ ነው ምጥ ይዟት የገባችው። በሩን ሲሰብር ምን ሊያደርጉ እንደሆነ እኔ አጠገቡ ቆሜ እነግረዋለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ታስፈራሪያለሽ?

ስንዱ፦ መንገር ማስፈራራት ከሆነ፣ አዎ።

ልሳነወርቅ፦ ድንጋይ! ድንጋይ ራስ! ሰው በዚህ ሆስፒታል ታሪክ ሊሠራ ሲነሳ የሚሄድበት መንገድ ላይ አንቺን አስቀመጡልኝ! እሺ፣ ሰዉንም ማዋለጃውንም ተይው። ሃይማኖት አለሽ አይደል? ማርያምን ብለሽ መልሺልኝ። አምና እኔ ስነቅል አንድ ነገር ተሰናከለ?

ስንዱ፦ ማርያምን፣ አልተሰናከለም።

ልሳነወርቅ፦ ላቦራቶሪው ለቅጽበት እንኳ ቆመ?

ስንዱ፦ አልቆመም።

ልሳነወርቅ፦ ካርድ ክፍል «ጠፋብን» ብሎ ደወለ?

ስንዱ፦ አልደወለም።

ልሳነወርቅ፦ ፋርማሲ?

ስንዱ፦ ፋርማሲም።

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ በምን አፍሽ ነው የምትከራከሪኝ? አምና በአሮጌው ቨርዥን ያልተሰናከለ ዘንድሮ በአዲሱ ይሰናከላል? አንቺው በራስሽ አፍ መሰከርሽልኝ! እንግዶቹ ሲወርዱ ይህንኑ ትደግሚላቸዋለሽ። ቃል በቃል!

ስንዱ፦ እደግምላቸዋለሁ። እርስዎን ግን ይህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አላስገረመዎትም?

ልሳነወርቅ፦ ምኑ?

ስንዱ፦ አንዳቸውም አለመውደቃቸው። ሰርቨር በድንገት ሲሞት ላዩ ላይ ያሉት ወድቀው ነው የሚነሱት። በአሮጌውም እንዲሁ ነው፤ በአዲሱም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከዚህ የበለጠ ቃል አልገቡም። እርስዎ ነቀሉ፤ የወደቀ ግን የለም።

ልሳነወርቅ፦ እጄ ነዋ! እጄ ቀላል ነው! ሰው ሁሉ የሚለኝ ነው። አነቃቀል አለው፤ እኔ ስነቅል...

ስንዱ፦ እጅዎ አይደለም።

ልሳነወርቅ፦ ምንድነው ታዲያ?

ስንዱ፦ ያን ዕለት ጠዋት የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሊነቅሉ እንደሆነ ሹክ አለችኝ። ቀድሜዎት ገባሁ። ላቦራቶሪውን፣ ካርድ ክፍሉን፣ ፋርማሲውን፣ ሰዎቹ እየሠሩባቸው፣ አንድ በአንድ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር አዛወርኳቸው። እንግዶቹ ሲገቡ የመጨረሻው ተሻግሮ ነበር። እርስዎ የነቀሉት ሰርቨር ላይ ማንም አልነበረም።

ልሳነወርቅ፦ ...ማንም?

ስንዱ፦ ማንም።

ልሳነወርቅ፦ ይኼ... ይኼ ውሸት ነው። ለሥራ አስኪያጁ ያልነገርሽው ለምንድነው? ወንበሩን ስወስድብሽ ዝም ያልሽው ለምንድነው?

ስንዱ፦ ያዛወርኳቸው ሰዎቹ እንዳይሰናከሉ ነበር። አልተሰናከሉም። ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎና የእንግዶቹ ጭብጨባ ነው።

ልሳነወርቅ፦ እና ዛሬስ? ስንዱዬ፣ የኔ እህት... ዛሬም ጠዋት አውጥተሻቸዋል፣ አይደል?

ስንዱ፦ ዛሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሰርቨሩ ውስጥ ናቸው። እንግዶቹ ደረጃው ላይ ደርሰዋል፣ አቶ ልሳነወርቅ፤ በሩን ልክፈትልዎ?