ባባን ያስነሣቸው ፈረስ

ጅዳ፣ ኦብሑር የሚባል ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ የማዳም አባት ከታመሙ ወዲህ ከወንበራቸው አልነሣ ብለው ነበር። ባባ ነው የምላቸው። ሐኪሙ «አሁን ካልተራመዱ በኋላ አይሆንም» ቢልም ማንንም አይሰሙም። ዕድሜያቸውን ፈረስ ሲያረቡ ነው የኖሩት፤ እናም አንድ ቀን ማዳም ስትወጣ የፈረስ ፊልም ከፈትኩላቸው። ሁሉም የናቀው፣ እግሩ የተጎዳ ፈረስ ውድድሩን አሸንፎ እያነከሰ ይመለሳል። እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ፤ ባባ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«የተጎዳው ግራ እግሩ አልነበረም?»

«ልብ አላልኩም ባባ።»

«ግራው ነው። አሁን የሚያነክሰው በቀኙ ነው። ውሸታሞች።»

የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ተነሡ። ግድግዳውን ይዘው አራት እርምጃ ሄዱና ጣታቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፉ። «ይኸው፣ ይቺን እግር እያት» አሉኝ። እኔ የማየው የእሳቸውን እግር ነበር። መቆማቸው ትዝ ካላቸው ይቀመጣሉ ብዬ ፈርቼ፣ እንዳይወድቁ ከኋላቸው ሆንኩ እንጂ ትንፍሽ አላልኩም።

በዚህ መሃል ማዳም ገባች። አባቷ ቆመው ፊልሙን ሲረግሙ ስታይ በሩ ላይ ቀረች።

«ምን ብለሽ አስነሣሻቸው?» አለችኝ እያለቀሰች።

«እኔ ምንም አላልኩም» አልኳት። «ፊልሙ ተሳስቶ ነው።»