ባዶ የተተወችው መደብ

ልትሸኟቸው የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ነዳፊው»፣ ጎረቤቶቻቸው ግን «ባለ እርሳሱ» የሚሏቸው እኚህ ሰው ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱት የዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት ነበር። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጆሮ ላይ እርሳስ እየሰረቁ ግድግዳውን ሲሞነጫጭሩ፣ ቅጣቱን ያለ ጥፋቱ አብሯቸው የቀመሰው ይህንን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ሲሆን፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይቅርታ አልጠየቁትም።

ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱም በውኃ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው፣ ከመስኮቱ ሥር በነበረችው ዘንበል ያለች ጠረጴዛ ላይ ለሠላሳ አራት ዓመታት የቧንቧ መስመር ሲነድፉ ኖሩ። እዚያው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ በቤታቸው ጓሮም ስምንት የአትክልት መደቦች አበጁ።

በመጀመሪያው ዓመት የክረምቱን አትክልት በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነድፈው፣ ቀን ቆርጠው፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ የጎመኑን ችግኝ በጠራራ ፀሐይ በማስመሪያ ቢደረድሩት፣ በሦስተኛው ቀን አንድም ሳይቀር ደረቀ። ባለቤታቸውም ጎመኑ የበቀለው ወረቀቱ ላይ ብቻ መሆኑን እየነገሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ሥራውን ተከፋፈሉት። እርሳቸው ቲማቲም በነበረበት ምን እንደሚተካ እየነደፉ ችግኙን በጥላ ሥር ያፈላሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ ቀትር ላይ መዳፋቸውን አፈሩ ላይ ያሳርፉና፣ ሳያቃጥላቸው ማቆየት የቻሉ ዕለት ብቻ ይዘራ ብለው ያዛሉ።

ከኩሽናው በር አጠገብ ያለችው መደብ የባለቤታቸው ነበረች፤ ካሮት ይዘሩባት ነበር። አቤት ያ ጊዜ! ልጆቹ ገና ጣት ያላከለውን ካሮት ነቅለው፣ በልብሳቸው ጠርገው ከነአፈሩ ሲቆረጥሙት፣ እርሳቸው ንድፉ ተበላሸ እያሉ ይቆጡና ዘወር ብለው እርሳቸውም አንድ ይነቅሉ ነበር።

ባለቤታቸው ከስድስት ዓመት በፊት ሲያርፉ ያችን መደብ በንድፉ ላይ ባዶ ተዉዋት። ሴት ልጃቸው ካሮት ልዝራባት ብላ በየዓመቱ ብትለምንም፣ ቀኑን የሚቆርጥላት ሰው የለም እያሉ ከለከሏት። ነገሩ አባትና ልጅን አቃቃረ፤ ልጅቱም ከነጭራሹ ጓሮውን መርገጥ ተወች። ታናሽ ወንድማቸው ሊያስታርቅ ቢመላለስም ሁለቱም አልሰሙትም፤ ግትርነቱ የቤተሰቡ ነው።

በልብ ሕመም ሆስፒታል በተኙበት ወር እርሳስና ባለ ካሬ ወረቀት አስመጥተው የዘንድሮውን ሲነድፉ ሰነበቱ። ከትናንት በስቲያ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ወረቀቱን ከትራሳቸው ሥር አገኘችው። ስምንቱም መደቦች ሞልተዋል። በኩሽናው በር አጠገብ ባለችው ላይ «ካሮት፤ ቀኑን ልጄ በመዳፏ ትቁረጥ» ተብሎ ተጽፏል።

ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይቅርታ ያልተጠየቀውን፣ ግን ድሮውንም ይቅር ያላቸውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው ዛሬ ቀትር ላይ፣ ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት፣ መዳፏን አፈሩ ላይ አሳርፋ ነበር፤ ገና ያቃጥላል። ነገም ትሞክራለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ጎን ያሳርፍልን። አፈሩ ይቅለላቸው፤ ለእርሳቸውስ ይቀዝቅዝላቸው።