የኪሩቤል ክርስትና አባት

ከቀትር በኋላ፣ የወረዳው ፍርድ ቤት፤ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት የታጨችው ዳኛ እጅጋየሁ ቢሮ ውስጥ፣ ያሳደጓት አጎቷ አቶ ሞላልኝ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ከፊቷ ተቀምጠዋል።

እጅጋየሁ፦ አይሆንም ጋሼ። የወይዘሮ ደብሬ የመሬት ክርክር ነገ ጠዋት ፍርድ ያገኛል፤ እባክዎ አይግቡበት።

ሞላልኝ፦ ምን አልኩ? ጫንያለው ክፉ ሰው አይደለም ነው ያልኩሽ።

እጅጋየሁ፦ የመበለት ማሳ ነጥቆ ወፍጮ ቤት የተከለ ሰው ታዲያ ምን ይባላል?

ሞላልኝ፦ ያንቺ አበልጅ ይባላል። ልጅሽን ክርስትና ያነሳው ማን ሆነና?

እጅጋየሁ፦ እሱን የመረጡልኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ ክስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሞላልኝ፦ አልነበረም። እንደሚመጣ ግን ጫንያለው ያውቅ ነበር።

እጅጋየሁ፦ እርስዎስ?

ሞላልኝ፦ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው ልጄ። ስሚኝ፤ ስምሽ ዞኑ ላይ ተለጥፎ ሕዝብ አስተያየት ይስጥባት ተብሏል። እስካሁን ክፉ ያወጣብሽ የለም። አንድ ሰው ተነስቶ "ዳኛዋ አበልጅነቷን ደብቃ ችሎት ተቀምጣለች" ቢል ግን፣ ቆላ ወርደሽ በወባ የተንዘፈዘፍሽበት ዘመን ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

እጅጋየሁ፦ መዝገቡ የደረሰኝ ለታ ከችሎቱ መነሳት ነበረብኝ። ለሹመቱ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ሞላልኝ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ነገ መሬቱ የእሱ ነው ትያለሽ፣ ከዚያ ከፍተኛው ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።

እጅጋየሁ፦ ለመሆኑ እርስዎ ምን ቃል ገቡለት?

ሞላልኝ፦ አንቺን።

እጅጋየሁ፦ እኔን። ... ወይዘሮ ደብሬ ችሎት ላይ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች" አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ ጋሼ።

ሞላልኝ፦ እንግዲህ የአሮጊት ጭብጦ ካንቺ ወንበር ሊበልጥ ነው?

እጅጋየሁ፦ ይብለጥ። ነገ ችሎት ተሰይሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "ተከሳሹ አበልጄ ነው" እላለሁ። ከመዝገቡ እነሳለሁ፤ ሌላ ዳኛ ይፍረድላት። ሹመቱም ይቅርብኝ።

ሞላልኝ፦ ሹመቱ ብቻ መሰለሽ? ካባውንም ያስወልቁሻል።

እጅጋየሁ፦ ያስወልቁኝ።

ሞላልኝ፦ የመጨረሻ ቃልሽ ነው?

እጅጋየሁ፦ የመጨረሻዬ ነው። አሁን በሩን ይክፈቱልኝ፤ ልጄን የማጠባበት ሰዓት ደርሷል።

ሞላልኝ፦ ምን አስቸኮለሽ፤ ኪሩቤል ብቻውን አይደለም። ጫንያለው ሞግዚቷን ገበያ ልኮ፣ ታቅፎት ቤትሽ ተቀምጧል። መልሷን ሳልሰማ ልጁን ከእጄ አላወርድም ብሏል።