በስመ አብ ብሎ የመጣው መልእክት

ቃልን ለሰው የሰጠ፣ ልብንም የሚመረምር አምላክ ስሙ ይክበር። ከቅዳሴ በኋላ ከእንጦጦ ወርጄ ሲግናል ሰፈር ካለው ቤቴ ስደርስ፣ ጎረቤቴ መሪጌታ ኮምፒውተራቸውን በጋቢ ጠቅልለው ደጄ ቆመዋል። «የሰማያዊ አበባ ፎቶ የከፈተ ሁሉ ኮምፒውተሩ ይቃጠላል፤ ለሁሉም አስተላልፉ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደርሷቸው ኖሯል። በጉባኤ ቤት መምህሩ ያልታወቀ ትርጓሜ አንቀበልምና፣ «ማን ጻፈው? ከማንስ ሰማው?» አልኋቸው። «አይታወቅም» አሉኝ። «እንግዲያስ ጋቢውን ይልበሱት፤ እኛን የሚጎዳን የእንጦጦ ብርድ ነው» ብያቸው ተሳስቀን ገባን።

የዕድሜ ልክ ዜማዬን ቀድቼ ያኖርሁበትን ኮምፒውተር ስከፍት ግን ለእኔም መልእክት መጥቶልኛል። በስመ አብ ብሎ ይጀምርና፣ የብራና መጻሕፍት ማንበቢያ ፕሮግራም በነፃ እንድጭን ይጋብዘኛል። ደስ ብሎኝ ልጭነው ስል ከጎኔ የነበረችው ልጄ እጄን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ይህንንስ ማን ጻፈው?»

«በስመ አብ ብሎ የጀመረ ነው እኮ» አልኋት።

«ሌባም በስመ አብ ማለት ያውቃል፣ አባዬ። ይህን ቢጭኑት ዜማዎ ሁሉ ተቆልፎብዎት፣ ለመክፈቻው ገንዘብ አምጡ ይባሉ ነበር።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አውልቀው ኮምፒውተሬን አለበሱልኝ።

እናንተንም ከሚያስፈራው ሐሰት፣ ይልቁንም ከሚያባብለው ወጥመድ ይጠብቃችሁ።